ለታንኳ ቀዛፊዋ የተተከለ ድንኳን

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሀይማኖትም አልረሳችም። እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የፎቶኮፒ ቤቷ ውስጥ የሰው መታወቂያ እያባዛች፣ ጉርድ ፎቶ እየቆረጠች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በሆዷ ቋጥራ ኖረች፤ «ውቢት የእናቴን ለቅሶ አልደረሰችም» የሚል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። «ለዚህች ነው እንዴ?» የሚል ካለ፣ ወይ እናት አልሞተችበትም፣ ወይ የእኛ አገር ሰው አይደለም።

ውቢት ማለት ዳንግላ ሳሉ የጎረቤት ልጅ ነበረች። ጎረቤት ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ የዋለችውም የበላችውም የሀይማኖት እናት የእማማ ያለምወርቅ ቤት ነው። እማማ ያለምወርቅ ድንች ቀቅለው ሲያወርዱ ሦስት ሳህን ነበር የሚዘረጉት፤ አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ የልጃቸው፣ ሦስተኛው የውቢት። ውቢት ከአማርኛ በቀር የማትሰማ ልጅ ብትሆንም፣ የአዊኛ ስድብና ምርቃት ከእሳቸው አፍ ተማረች። ስድቡን ቶሎ ያዘች፣ ምርቃቱ ቆየባት።

ሁለቱ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ፣ ከውጭ አገር በበጎ ፈቃድ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር አንድ ጨዋታ አስተማራቸው። ካርታ አይደለም፣ ገበጣም አይደለም። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ የፈለጉትን ሰው ይሆናሉ፤ ጀግናም፣ ሌባም፣ ፈዋሽም። «ከፊታችሁ ዋሻ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል መሪው። «እገባለሁ» ያለ ይገባል። መግባቱ ይቅናው አይቅናው የሚታወቀው ግን ዳይስ በሚሉት፣ ሃያ ገጽ ባለውና ቁጥር በተጻፈበት ተወርዋሪ ጠጠር ነው፤ ብዙ ከወጣለት ቀናው፣ ትንሽ ከወጣለት ጉድ ፈላ። መምህሩ አገሩ ሲገባ ዳይሱን ይዞት ሄደ። ልጆቹ ምን ገዷቸው! የለስላሳ ቆርኪ ለቅመው ከአንድ እስከ ሃያ ጻፉበትና፣ እማማ ያለምወርቅ ከአሮጌ ቀሚስ በሰፉላቸው ከረጢት ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ በዳይስ ፋንታ እጅ እየሰደዱ ቆርኪ ማውጣት ሆነ።

እማማ ያለምወርቅ ጨዋታው አይገባቸውም፤ ግን ከጓዳ ሆነው ይጠይቃሉ። «ዛሬስ ማን ሞተ?»

«ዘንዶው!»

«እሰይ! በሉ ኑና ብሉ።»

ጊዜ አይቆምም መቼም። ውቢት እዚያው ዳንግላ አገባች፣ ወለደች። ሀይማኖት እንጅባራ ሥራ አገኘችና እናቷን ይዛ ሄደች። ጨዋታውም በዚያው ቀረ፤ የቆርኪው ከረጢት ውቢት ዘንድ እንደነበር ተረስቶ ቆየ። ከዚያ እማማ ያለምወርቅ አረፉ። ድንኳን ተተከለ፣ ዳንግላም ግልብጥ ብሎ መጣ። ያልታሰበው ሁሉ መጣ፤ በቆሎ በሚዛን ያታለላቸው ነጋዴ እንኳ መጥቶ ደረቱን መታ። ውቢት የለችም። በሰልስቱ የለችም፣ በአርባው የለችም፣ በሙት ዓመቱም የለችም። ስልክ እንኳ አልደወለች።

ይኼ በራሱ አልበቃ ብሎ ደግሞ ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ አለች። እትዬ ደብሪቱ ማን ለቅሶ እንደደረሰ፣ ማን እንደቀረ፣ ማንስ ደርሶ እንባ እንዳላወጣ አንድ በአንድ የምታውቅ ሴት ናት። ቁስሉ ሊደርቅ ሲል ብቅ ትላለች። «ያቺ የዳንግላዋ እህት ተብዬ እንደቀረች ቀረች? ድንች ስትበላማ መንገዱ አይጠፋትም ነበር» ብላ ትሄዳለች። ሀይማኖት ከፎቶው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ሚሊሜትር አብልጣ ትቆርጣለች፣ ደንበኛው ጆሮው ጎድሎ ይወጣል።

እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የአዊ ልጆች በሚሰባሰቡበት አንድ የቴሌግራም ገጽ፣ አዝመራው የሚባል ልጅ አንድ መልእክት ለጠፈ። አዝመራው ባሕር ዳር ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሃያ አራት ዓመት ያልሞላው የዳንግላ ልጅ ነው። «የታሪክ ጨዋታ በአማርኛ ልጀምር ነው። እንደ ድሮው ጠረጴዛ መክበብ የለም፤ ሁላችንም በየቤታችን ሆነን እሑድ ከሰዓት በድምፅ መልእክት እንጫወታለን። ዳይሱን ቴሌግራም ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ቦት፣ ይጥልልናል። ጀማሪ ይመጣል፣ እንቀበላለን» ይላል።

ሀይማኖት አነበበችው። ደግማ አነበበችው። የሆነ ነገር ደረቷ ውስጥ ዘለለ፤ ሰው ድሮ የሚወደው ልብስ ከሳጥን ሥር ሲወጣለት እንደሚሆነው። ወዲያው ጻፈችለት፤ «እኔ ጀማሪ አይደለሁም፣ ድሮ ተጫውቻለሁ።»

«ኧረ? የጨዋታው መጽሐፍ በየትኛው እትም?» አለ አዝመራው፣ ደስ ብሎት።

«እትም አላውቅም። በቆርኪ ነው።»

ልጁም «ግድ የለም እትዬ ሀይማኖት፣ እንደ ጀማሪ እንጀምራለን» አላት። እውነቱን ነው። ሕጉ ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፍቷል። መጀመሪያ ቀን ፈዋሽ ሆና ገባችና፣ መድኃኒቷን ሁሉ የሞተ ዓሣ ለማዳን ጨረሰችው። ሌላው ተጫዋች ከጥሊሊ የሚገባ ጋሼ ነጋ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ጨዋታውን በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቅ። ፈረሰኛ ሆነ። ፈረሰኛ መሆኑስ ባልከፋ፣ ፈረሱን ግን የትም ጥሎ አይሄድም። ዋሻ ሲገባ ከነፈረሱ፣ ደረጃ ሲወጣ ከነፈረሱ። «ጋሼ ነጋ፣ ፈረሱን ውጭ ይሰሩት» ቢለው አዝመራው፣ «አንተ ልጅ፣ በየትኛው አገር ነው ሰው ፈረሱን ለጅብ ጥሎ የሚገባው?» አለው። በፈረሱ የሚታወቀው የሰባት ቤት አገው ልጅ ይኼን ተጠይቆ ሌላ ምን ሊመልስ ኖሯል?

ሦስተኛዋ ተጫዋች ዘግይታ ገባች። «የዳንግላዋ» ብላ ነው የተመዘገበችው። የድምፅ መልእክቷ መጣ፣ ሀይማኖት ተጫነችው።

«እንደምን ዋላችሁ። እኔ እንግዲህ ሌባዋ ነኝ። ስለ ጨዋታው ብዙም አላስታውስም፤ አደራ ታገሡኝ።»

ሌባዋ! ድሮም ሌባዋን ለማንም የማታስነካ እሷ ናት። ድምፁን ለማወቅ ሀይማኖት ሁለተኛ ቃል አላስፈለጋትም፤ ውቢት ናት።  ከቡድኑ የሚያስወጣው ቁልፍ ላይ ጣቷን አደረገች። ልትወጣ ነው። በዚያው ቅጽበት አዝመራው መጣ፤ «እትዬ ሀይማኖት፣ ጫካው አለቀ። ከፊትሽ ክብ ሐይቅ አለ፣ ዙሪያው ገደል ነው። ምን ታደርጊያለሽ?»

ምን ታደርጊያለሽ። በፎቶኮፒ ቤት ሰው የሚጠይቀው «ስንት ነው?» እና «መቼ ይደርሳል?» ነው። ምን ታደርጊያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ከትምህርት ቤት ወዲህ የለም። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሣች። «ታንኳ እፈልጋለሁ» አለች።

በዚህ ዓይነት ሁለቱ ሴቶች አብረው መጫወት ጀመሩ። ግን እንዴት ያለ ጨዋታ መሰላችሁ! ፈዋሿና ሌባዋ ይነጋገራሉ፣ ሀይማኖትና ውቢት አይነጋገሩም። ሌባዋ እጇን እሾህ ወጋት፤ ፈዋሿ «እጅሽን አምጪ» ብላ አሰረችላት፤ ሌባዋ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ጋሼ ነጋ «ደህና ዋሉ ልጆቼ» ሲል፣ ሁለቱም ለእሱ ብቻ መልሰው ይወጣሉ። አዝመራው ምስኪን፣ ምንም አላወቀም። ሁለቱ ዓይን አፋር ይመስሉታል።

ያቺ ሐይቅ እንጅባራ አጠገብ ያለችውን ዘንገናን እንደምትመስል ሁሉም አውቀዋል። ለማሻገሪያ አዝመራው አንዲት አሮጊት ቀዛፊ አኖረ። እንዲያው ለማሻገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አያስፈልጉም። ጋሼ ነጋ ግን ዝም ብሎ ታንኳ ላይ የሚወጣ ሰው አይደለም። «ስማቸው ማን ነው?» አለ።

አዝመራው አላሰበበትም ነበር። «እ... እማማ ተዋቡ።»

«ወላድ ናቸው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ ነጋ... አዎ፣ ይሁኑ። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሩቅ አገር።»

«አይ እማማ! በዚህ ዕድሜያቸው ለብቻቸው ይቀዝፋሉ? በሉ ፈረሴን ከፊት ላስገባ።» ፈረሱም ታንኳ ገባ። እማማ ተዋቡ ሁሉንም አሻገሩ፣ ጎጇቸው አሳደሩ፣ የበቆሎ እሸት ጠበሱላቸው። ሌባዋ ከማንም አልሰረቀችም በዚያን ቀን፤ የአሮጊቷን ታንኳ ቀዳዳ በሰም ስትደፍን ዋለች። አዝመራው ይኼን ሁሉ አላቀደም፤ እነሱ እየጠየቁት፣ እሱ እየፈጠረ፣ ሴትዮዋ ነፍስ ዘራች።

ኅዳር ላይ፣ በአንድ እሑድ፣ አዝመራው ጨዋታውን ሞቅ ላድርገው አለና ጉድ ሠራ። ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ እንደተማረው፣ ጀግኖች የሚነሣሡት ወዳጃቸው ሲጎዳ ነው። ድምፁን አወፍሮ ላከ፤ «ከአደን ስትመለሱ የእማማ ተዋቡ ጎጆ ይጨሳል። ሽፍቶች ገድለዋቸዋል። የሽፍቶቹ ዱካ ገና ትኩስ ነው፣ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ምን ታደርጋላችሁ?»

እሱ የጠበቀው «እንከተላለን!» የሚል ነበር።  የመጣው ግን የጋሼ ነጋ ድምፅ ነው፤ እውነተኛ የደነገጠ ድምፅ። «ወይኔ እማማ! ሬሳቸው የት ነው?»

«ጎጆው ደጃፍ ላይ፤ ግን ሽፍቶቹ እያመለጡ ነው!»

«ይሂዱ። እነሱን እግዜር ያገኛቸዋል። ሬሳ ጥለን የት ነው የምንሄደው?»

«ጋሼ ነጋ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ጨዋታም ቢሆን ሰው እንደ ውሻ አይጣልም። መቃብር እቆፍራለሁ።»

አዝመራው ተስፋ ቆርጦ «እሺ፣ ለመቆፈር ዳይስ እንጣል» አለ። ቦቱ ጣለ፤ አንድ! የመጨረሻው ክፉ ቁጥር። «ዶማው ተሰበረ» አለ አዝመራው፣ ምናልባት አሁን ዱካውን ይከተላሉ ብሎ። የማን ልጆች መሆናቸውን ረስቶታል። ጋሼ ነጋ በእጁ ቆፈረ፤ ሌባዋ እንጨት ቆርጣ ቃሬዛ ሠራች፤ ፈዋሿ አጥባ ገነዘች። ቀበሯቸው። ይኼም አልበቃም፤ ድንኳን ይተከል ተባለ። ሸራ የለም ቢላቸው፣ የታንኳውን መሸፈኛ ወሰዱ። ልጁ ያዘጋጀው ውጊያ፣ የሣለው የዋሻ ካርታ፣ ሁሉም ውኃ በላው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ማለት ይኼ ነው።

«መቼም ያለ ሙሾ ለቅሶ አይሆንም» አለ ጋሼ ነጋ። «ከእናንተ ሙሾ የምታወርድ የለችም?»

ሀይማኖት ፎቶኮፒ ቤቷን ከውስጥ ዘግታ፣ ስልኳን መስኮቱ ላይ ኔትወርክ የሚያዝበት ቦታ አስደግፋ ተቀምጣ ነበር። ውጭ ጉሙ መናኸሪያውን ሸፍኖታል፣ ረዳቶች «ዳንግላ! ቻግኒ!» ይላሉ። ከዚያ «የዳንግላዋ» የሚለው ስም ብቅ አለ። ረዘም ያለ መልእክት ነው። ተጫነችው። ውቢት ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ቀስ ብላም ጀመረች።

«ሰው ስታሻግር ኖራ በዚያ በታንኳዋ፣
ዛሬ ተሻገረች እሷ ለብቻዋ።»

«ይበል!» ብሎ ጻፈ ጋሼ ነጋ። መልእክቱ ግን አላለቀም። ውቢት ትንፋሿን ሳበች፤ ድምፁ የሌባዋ መሆኑ ቀርቶ የውቢት ሆነ።

«አርባሽ አለፈ አሉ፣ ሙት ዓመትሽ አልፏል፣
እኔ ደጅሽ ቆሜ እግሬ መግባት ፈርቷል።»

ከዚያ ወዲያ ሙሾ የለም፤ እንባ ብቻ። የተያዘ እንባ ሲፈታ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ ማንም ለጨዋታ ብሎ አያወጣውም። መልእክቱ መሃል ላይ ተቋረጠ።

ጋሼ ነጋ ግራ ገባው። «እንዴ፣ እማማ ተዋቡ ዛሬ አይደል የሞቱት? አርባው ከየት መጣ?»

 ሀይማኖት ግን ሰምታለች። የማን አርባ እንደሆነ፣ የማን ሙት ዓመት እንደሆነ፣ የማን ደጅ እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አልቅሺ አልቅሺ አላት፣ አለቀሰችም። ግን ቂሟ ወዲያው ተነሣባት፤ «ስድስት ዓመት የት ነበረች? ለማታውቃት አሮጊት ሙሾ ሲወጣላት፣ ላበላቻት እናቴ ምነው አፏ ተለጎመ?» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። በሩን ያንኳኳ ደንበኛ ነበር፤ «ዝግ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ምስኪኑ ሰውዬ መታወቂያውን ይዞ በጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ትንሽ ቆይታ ስልኩን ገለበጠችው። አዝመራው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ጽፏል። ጋሼ ነጋ ደግሞ «ልጆቼ፣ ደህና ናችሁ?» ብሏል።  ሀይማኖት የውቢትን ሙሾ ደግማ ሰማችው። እግሬ መግባት ፈርቷል። እናቷ ትዝ አሏት። እማማ ያለምወርቅ ሦስተኛውን ሳህን ዘርግተው ውቢት ስትዘገይ እንዴት ነበር የሚሉት? በሩ ላይ ቆማ መዘግየቷን አይታ ስታፍር፣ «ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ፣ ይበርድብሻል!» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ይሰድቧታል፣ ከዚያ ያበሏታል።

ለውቢት በራሷ ስም መናገር አቃታት፤ ስድስት ዓመት የተዘጋ አፍ አንድ ጊዜ አይከፈትም። ስለዚህ በፈዋሿ አፍ ተናገረች። የድምፅ ቁልፉን ተጭና፣ «ፈዋሿ ከድንኳኑ ትወጣለች» አለች። «ሌባዋ ደጅ ቆማ ታያታለች። እንዲህ ትላታለች፤ ድንኳኑ እንደተተከለ ነው። ለቅሶ የመጣ ሰው ይገባል እንጂ ደጅ አይቆምም። ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ።»

አዝመራው «ለዚህ ዳይስ አያስፈልግም» ብሎ ጻፈ። አንዳንዴ ልጅም ይባረካል።

ሳምንቱ አለፈ፣ ከውቢት ድምፅ ጠፋ። ሀይማኖት በተናገረችው አፈረች፤ ለራሷም «ከነገሩ ጦም እደሩ፣ ምን አስቀባጠረኝ?» አለች። ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ ደጃፍ ልብስ ስታሰጣ፣ አንድ ባጃጅ መጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ። ከውስጡ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ወረደች። ሁለት እርምጃ ተራመደችና ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጮኸች።

«እማማዬ! እማማ ያለምወርቅ! የሦስተኛው ሳህን ልጅዎ መጣችልዎ! ዘገየሁብዎ እማማዬ! ወይኔ እናቴ!»

ሀይማኖት እጇ ላይ ያለውን እርጥብ ልብስ ጣለችው። የት እንደጣለችው አታውቅም። አጥሩ ጋ ስትደርስ ውቢት መሬት ላይ ልትወድቅ ስትል ያዘቻት፤ ተያይዘው ጮኹ። የባጃጁ ልጅ ሒሳቡን ሳይቀበል ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

ጩኸት የሰማ ሰፈር ቤቱ አይቀመጥም። ከሁሉ ፊት እትዬ ደብሪቱ ነጠላዋን እየጎተተች፣ ባንድ እግሯ ጫማ እየሮጠች ደረሰች። «ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?»

«እናቴ» አለች ሀይማኖት።

«እናትሽማ ስድስት ዓመቷ አይደል እንዴ!»

«ለውቢት ዛሬ ነው የሞተችው፣ እትዬ ደብሪቱ።»

እትዬ ደብሪቱ ውቢትን አየቻት፣ አወቀቻት። አፏን ከፈተች። ስድስት ዓመት ያዘጋጀችው ንግግር እዚያ ምላሷ ጫፍ ላይ እንደነበር ሀይማኖት ታውቃለች፤ አንዱንም ቃል ሳትረሳ ልትለው ትችል ነበር። ሴትዮዋ ግን የውቢትን ፊት ትንሽ አይታ አፏን ገጠመች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ከዚያ ደረቷን መትታ፣ «ወይኔ ያለምወርቅ! ወይኔ ጎረቤቴ! ልጅሽ መጣችልሽ!» ብላ ለቀቀችው። እትዬ ደብሪቱ እንዲህ ስታለቅስ የእድሩ ሰው ማንም ቢሆን ቆሞ አይቀርም። አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ባቄላና ስንዴ ለንፍሮ ተጣደ። የሚያልፈው ሰው «የማን ነው?» ሲል፣ «የእማማ ያለምወርቅ» ይሉታል፤ እሱም ሳይመራመር ገብቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይቀመጣል።

ቤት ገብተው ጋብ ሲል ውቢት ተናገረች። «ልጄ ታሞ ቻግኒ ነበርኩ። ስመለስ ሰልስቱ አልፏል አሉኝ። በማግሥቱ ልመጣ አልኩ፣ አፈርኩ። ሳምንት ሲሆነው የባሰ አፈርኩ። በአርባዋ መናኸሪያው ድረስ መጣሁ፤ በመስኮት አየሁሽ። ጥቁር ለብሰሽ ፎቶ ትቆርጫለሽ። እግሬ እምቢ አለኝ። በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩ።»

«ምነው ብትገቢ? ምን አደርግሽ ነበር?»

«ትሰድቢኝ ነበር።»

«እሰድብሽ ነበራ! ሰድቤሽ አብረን እናለቅስ ነበር። ለብቻዬ አስለቀስሽኝ እኮ፣ ውቢት። እናቴን እንደ እኔ የምታውቂያት አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ ማን ጋ ሄጄ ስለ እሷ ላውራ?»

ውቢት የእህቷን እጅ ይዛ «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። ስድስት ዓመት ሀይማኖት ይህችን ቃል ከዚህች አፍ ጠብቃ ነበር፤ ከመቶ ሰው ሰምታታለች፣ አንድ ሰው ግን ይጎድል ነበር። «አሜን» አለች። ያ የቋጠረችው ነገር ሲፈታ ተሰማት፤ ደስ ደስ አላት፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ደስ አላት። ኃጢአትም ቢሆን እግዜር ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጥሊሊው መኪና አንድ አጠር ያለ፣ ሸበቶ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው መጣ። ቤቱን እየጠየቀ ነው የደረሰው። ውቢት ልመጣ ነው ብላ የነገረችው እሱን ብቻ ኖሯል። ድምፁን ሲያሰማ ሁለቱም አወቁት፤ ጋሼ ነጋ ነው። ያንን ግርማ ያለው ፈረሰኛ ባለ ሁለት ሜትር ሰው አድርገው ነበር የሣሉት። ሀይማኖት ሣቋ መጣባት፣ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እሱ ቆሞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ «እማማ ያለምወርቅንም፣ እማማ ተዋቡንም ነፍስ ይማር» አለ። እትዬ ደብሪቱ «ተዋቡ ደግሞ ማን ናት?» አለች። «የታንኳዋ እናት» አላት ጋሼ ነጋ። እትዬ ደብሪቱም የማታውቀው ሟች መኖሩን ማመን ስለማትወድ፣ «አዎ፣ አዎ፣ ደግ ሴት ነበረች» አለች።

ውቢት ሰልስቱን ሳላወጣ አልሄድም ብላ ቀረች። እሑድ ከሰዓት ሁለቱ ሴቶች አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠው ንፍሮ ሲቆረጥሙ፣ ውቢት ከቦርሳዋ አንድ ነገር አወጣችና ጭኗ ላይ አኖረችው። ከአሮጌ ቀሚስ የተሰፋው ከረጢት ነው። ሀይማኖት እጇን ሰደደችና ቆርኪዎቹን አንኮሻኮሸቻቸው። የእናቷ ስፌት በአንድ በኩል ተተርትሮ፣ በሌላ ክር ተጠግኗል። ውቢት ናት የጠገነችው፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ አልጠየቀቻትም።

ስልኩ ጮኸ። አዝመራው ነው። «እትዬ ሀይማኖት፣ ሰዓቱ ደርሷል። ዛሬም አንጫወትም እንዴ? ሽፍቶቹ እኮ ሱዳን ገብተዋል!»

ሀይማኖት ሣቀች። የድምፅ ቁልፉን ተጭና ለልጁ ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ድንቹ፣ ስለ ሦስተኛው ሳህን፣ ስለ አርባው፣ ትናንት ደጃፏ ላይ ስለሆነው። «ሰልስቱ ነገ ነው» አለችው። «ከዚያ ወዲያ ሱዳንም ቢገቡ፣ ባሕርም ቢሻገሩ እንከተላቸዋለን። አሁን አንድ ነገር ስማኝ። አንተ ልጅ፣ ያቺን አሮጊት ስለገደልክልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

አዝመራው ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ፣ እንደገና ሲጽፍ ቆየ። በመጨረሻ «አብሮ ይስጠን» ብሎ ላከ።